ወደ ቀኝ የሚሄዱት ሴቶች

ዓለምወርቅ ጎሹ ልብስ እንጂ ፊት ሥላ አታውቅም ነበር።

አባቷ በደብረ ታቦር አካባቢ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሥዕሉን በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሠሩትም። አቡጀዲውን በሙጫ ያጠነክሩና ግቢያቸው ውስጥ በእንጨት ላይ ወጥረው ይሠሩታል፤ ሲደርቅ ወስደው ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። መቅደስ መግባት የማይፈቀድላት ልጃቸው እቤት ሆና ልታግዛቸው የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው። እሳቸው በጥቁር መሥመር ይነድፋሉ፤ እሷ ቀሚሱን፣ ካባውን፣ የፈረሱን ኮርቻ፣ የመላእክቱን ክንፍ ትቀባለች። ፊቱ ባዶውን ይቆያል። መጨረሻ ላይ አባቷ እጃቸውን ታጥበው ይመጡና ፊቱን ራሳቸው ይሠሩታል፤ ከፊቱም ዐይኑን ለመጨረሻ ያቆዩታል።

«እኔስ መቼ ነው ፊት የምሠራው?» ብላ አንድ ቀን ጠይቃቸው ነበር።

«አንቺ አልብሺልኝ» አሏት። «እንዲያዩ ማድረጉ የእኔ ሥራ ነው።»

የዐይኑን ደንብ ግን ነግረዋታል። ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዐይኑ ያያል። ይሁዳና ሰይጣን፣ የከሓዲም ጭፍራ ሁሉ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዐይናቸው ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ፊደል ባይቆጥርም ማን ከማን ወገን እንደሆነ ሥዕሉን አይቶ ይለያል።

አባቷ ሲሞቱ ብሩሹና ቀለሙ ለወንድሟ ልጅ ተሰጠ። ዓለምወርቅ ተድራ አዲስ አበባ ሄደች፤ ልጆች አሳደገች፤ ባሏን ቀበረች። ዲቪ የደረሰው ልጇ ኖህ ዜግነት ሲያገኝ ወደ ኮሎምበስ አስመጣት። ብዙም ሳትቆይ ከከተማው ዳር ግሮቭፖርት ካሉት ትልልቅ ዌርሃውሶች በአንዱ ፓኪንግ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ ጫማ በካርቶን ታሽጋለች። ሥራውን አልጠላችውም። ቴፑን ጫፍና ጫፉን አገጣጥማ ስለምትለጥፍ ሱፐርቫይዘሩ «ማማ፣ የሠርግ ስጦታ አይደለም እኮ!» እያለ ይስቅባት ነበር።

ከጎኗ የምትሠራው ቻንታ የምትባል የላኦስ ሴት ናት። ኮሎምበስ የመጣችው በልጅነቷ ስለሆነ እንግሊዝኛዋ እንደ አገሬው ነው፤ ከዓለምወርቅ ጋር ስታወራ ግን ቆርጣ ቆርጣ፣ በእጇም እያገዘች ነው። «ኧዋይ» ትላታለች፤ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። ሺፍት ሲያልቅ ዓለምወርቅንና እዚያው ዌርሃውስ የምትሠራውን የአገሯን ልጅ እናናዬን በመኪናዋ ታደርሳቸዋለች። ዓለምወርቅ ጉልበቷን ስለሚያማት ከፊት ትቀመጣለች። እናናዬ ከኋላ ሆና ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት ትሰጣለች።

የቻንታን እናት ዓለምወርቅ በአካል አይታት አታውቅም፤ በእጇ ሥራ ነው የምታውቃት። ጉልበቷ ጠንቶባት እቤት በዋለች ሰሞን አሮጊቷ የሚጣበቅ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ልካላት ነበር። ቅጠሉ የታሰረበትን ሣር ዓለምወርቅ ፈትታ አልጣለችውም፤ አንድ ወጥ ስለነበረ ገርሟት መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ መጨረሻ አሮጊቷን ኮቪድ ገደላት። ሬሳዋ እንደ ደንባቸው ሲቃጠል እንዲገኝ የተፈቀደለት ጥቂት ሰው ነው። አብረዋት ከአገር የወጡት ሽማግሌዎች ከየቤታቸው በስልክ አለቀሱ። በዚያው ክረምት፣ ጥር ላይ ደግሞ የቡድሃ ቤተ መቅደሳቸው የውኃ ቧንቧ በብርድ ፈነዳ። ውኃው በግድግዳው ጀርባ ወርዶ ልስኑን አራገፈው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነበር። ከሥዕሉ ውስጥ የሦስት ሴቶች ፊት ረገፈ፤ አንደኛው በቁሟ ሳለች የተሣለው የቻንታ እናት ፊት ነው።

«መጀመሪያ እናቴ ሄደች» አለች ቻንታ መኪና ውስጥ። «አሁን ደግሞ ፊቷ ሄደ።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ ስለ ሥዕሉ አላነሣችም። ያነሣችው ወራት ቆይቶ፣ ኅዳር ላይ ነው። በብሬክ ሰዓት ዓለምወርቅ እንደ ልማዷ በማርከር የካርቶን ክዳን ላይ ካባ ስትሥል አየቻት። ካባው ጥልፍ አለው፤ ዘርፍ አለው፤ እጥፋቱ አንድ በአንድ ይታያል።

«ራስ የለውም?» አለች ቻንታ።

«ራሱ የአባቴ ሥራ ነው።»

«አባትሽ የታሉ?»

«ሞተዋል።»

«እንግዲያው ለመጨረስ አይመጡም» አለችና ሳቀች። ወዲያው ሳቋን አቋርጣ ካርቶኑን ወደ ራሷ አዞረችው። «ኧዋይ፣ የእኛን ግድግዳ የሠራው ሰውዬ ላኦስ ነው ያለው። ድንበሩ ዝግ ነው፤ እሱም አርጅቷል። ሚያዝያ ላይ አዲስ ዓመታችን ነው። ከኮቪድ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ይሆናል። ሽኝቷ ላይ ያልተገኙት ሽማግሌዎች የሚሰናበቷት እዚያ ግድግዳ ሥር ነው። ባዶ ልስን እያዩ እንዲሰናበቷት አልፈልግም።»

ዓለምወርቅ ፊት ሠርታ እንደማታውቅ ነገረቻት። ቻንታ ግን ካርቶኑን አጥፋ ኮቷ ኪስ ከታዋለች።

የዚያን ዕለት መኪናው ገና ከፓርኪንግ ሳይወጣ እናናዬ ነገሩን ሰምታ ኖሮ ከኋላ በአማርኛ ጀመረች።

«ጣዖት ቤት? አንቺ ሴትዮ፣ ኮቪዱ ጭንቅላትሽ ላይ ነው እንዴ የወጣው?»

«ጣዖቱን አልነካም። ሰዎቹን ብቻ ነው የምሠራው።»

«ሰዎቹስ ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ሩዝ ተሸክመው ወደ መነኮሳቱ ነው አለችኝ።»

«ይኸው! ወደ ጣዖቱ!»

«እኔ የምሠራቸው መንገድ ላይ ሳሉ ነው» አለች ዓለምወርቅ።

ለነፍስ አባቷ ደውላ ልትጠይቅ አስባ ነበር። ምን እንደሚሏት ስለገመተች ሳትደውል ቀረች።

ቤተ መቅደሱ ቀድሞ የምንጣፍ መሸጫ ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ከፊት ለፊት ወርቅ የተቀባው ቡድሃ ተቀምጧል፤ ዓለምወርቅ በዚያ በኩል እምብዛም አላየችም። የጎኑን ግድግዳ ግን አይታ አልጠገበችም። ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ ረጃጅም ጀልባዎች፤ በእንጨት እግር የቆሙ ቤቶች፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ ያቃተው ሰው፣ ከሥሩ ደግሞ ወገቧን ይዛ የምትቆጣው ሚስቱ። ከታች በኩል ሴቶች የሩዝ መሶብ በደረታቸው ይዘው ተከታትለው ይሄዳሉ። ከግድግዳው ዳር አንድ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ እንደነገሯት ፎቶው ሜኮንግ ወንዝ ዳር ያለው የጥንቱ ቤተ መቅደሳቸው ግድግዳ ነው። ሥዕሉ የተሠራበትን ዘመን በትክክል የሚያውቅ የለም። የኮሎምበሱ ግድግዳ የዚያ ግልባጭ ነው፤ ሠዓሊው የጨመረው የአንዳንድ ሽማግሌዎቻቸውን ፊት ብቻ ነው።

ዓለምወርቅ ፎቶውንና ግድግዳውን ስታስተያይ አንድ ነገር አየች። በፎቶው ሴቶቹ የሚሄዱት ወደ ግራ ነው፤ በግድግዳው ወደ ቀኝ። ሠዓሊው የሠራው ከሌላ ፎቶ ቢሆን ነው፣ ፊልሙ ተገልብጦ የታጠበ፣ ብላ አለፈችው።

ልስኑን የሚያስተካክል ሰው አስቀድሞ ጠግኖት ነበር። ከሦስቱ ሴቶች የተረፈው ሻርፓቸው፣ እጃቸውና የታሰረው ጸጉራቸው ነው። በጎን እንደነበሩ ያስታውቃል። ዓለምወርቅ ይህን ስታይ ክፉኛ ተጨነቀች። ቻንታ የሰጠቻትን ትንሽ ፎቶግራፍ ደጋግማ አየችው፤ አሮጊቷ ዘወር ብላ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ከካሜራው ሌላ ነገር ታያለች። ያን ሩዝ በቅጠል ጠቅልላ የላከች ሴትዮ፣ ለመነኩሴ ምግብ ተሸክማ እየሄደች፣ በምን ኃጢአቷ ከይሁዳ ጋር ትቆጠራለች? የላኦሱ ሠዓሊ ደንቡን ባያውቅ ነው። እሷ ግን ታውቃለች።

በየቅዳሜው እየሄደች ሠራች። መጀመሪያ የማንም ሽማግሌ መልክ ያልሆነውን የሁለቱን ሴቶች ፊት ወደ ፊት አዞረችው። እጇ እንዳልሳተ ስታይ ደፈረች። የቻንታን እናት አስከተለች። ቀኝ ዐይኗን ከፎቶው ወሰደች፤ ፎቶው ላይ በጥላ የተሸፈነውን ግራውን ደግሞ ከቀኙ እኩል አድርጋ ሠራችው። ዐይኖቹ እንደ አባቷ ዐይኖች ሰፋፊ ናቸው፤ ጥቁሩ ክብ ነው፤ ነጩ ዙሪያውን ይታያል። ጥቁሩን ከማስገባቷ በፊት ሄዳ እጇን ታጠበች። ስትጨርስ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ፊት ሠራች።

ቻንታ ልትወስዳት መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ፊት ቆመች። ዓለምወርቅ ብሩሾቹን እያጠበች ጠበቀቻት።

«የቷ ናት እናቴ?»

ዓለምወርቅ ቀልድ መሰላት። «መካከለኛዋ ናታ!»

ቻንታ ቀረብ አለች፤ ደግሞ ራቅ አለች። «አፍንጫዋ የእናቴ ነው። ሻርፑም የእሷ ነው። ሴትዮዋን ግን አላውቃትም።»

«ዐይኗን ይሆናል ያበዛሁት። አንዳንዴ...»

«እናቴ ግራ ዐይን አልነበራትም፣ ኧዋይ።»

ነገሩን የነገረቻት እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ነው። ወንዙን ተሻግረው ታይላንድ መጠለያ ውስጥ ሳሉ ዐይኗ መግል ቋጠረ፤ ሐኪም እስኪገኝ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በቀኟ እንዲቀመጥ ታደርግ ነበር። ፎቶ የምትነሣው ዘወር ብላ ነው። ልጇን ስትድርም እንደዚያው ዘወር ብላ ነው የተነሣችው። ሠዓሊው ግድግዳውን ሊሠራ ሲመጣ «በቀኜ ሣለኝ» አለችው። የጥንቶቹ ሴቶች ግን የሚሄዱት ወደ ግራ ነው፤ በዚያው ቢሠራት የሚታየው ግራ ጎኗ ነው። ሰውየው የጥንት ሥዕል አይነካም ብሎ አኮረፈ። እሷም ለእሱ የምታመላልሰውን ምግብ አቆመች። በመጨረሻ ተሸነፈና ሰልፉን ሙሉ በሙሉ አዞረላት።

ዓለምወርቅ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ቀና ብላ አየች። «እኔ ፊልሙ ተገልብጦ የታጠበ መስሎኝ» አለች። ከዚያም አንገቷን ደፍታ የአባቷን ደንብ ነገረቻት። አንድ ዐይን ያለው የማን ወገን እንደሆነ፣ እናቷን በዚያ ወገን ማስቆም እንዴት እንዳቃታት ነገረቻት።

ቻንታ ወደ ሥዕሉ ዞረች። «በእናንተ ሥዕል በጎን የሚሄድ ሁሉ ክፉ ነው?»

«ክፉ ነው።»

«ትንሽ ክፉ ነበረች እኮ። ካርታ ስትጫወት ታጭበረብር ነበር። እኔን በጭልፋ ትመታኝ ነበር።» ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ በእጇ አንጓ ዐይኗን ጠረገች። «ክፉም ብትሆን እሷን አምጪልኝ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ይህቺ ማን ናት ብለው እንዳይጠይቁኝ።»

ቀላል አልነበረም። ዓለምወርቅ የምታውቀው የጎን ፊት የአባቷን ይሁዳ ብቻ ነው፤ አፍንጫው ቆልማማ፣ ዐይኑ የፈጠጠ፣ ጥርሱ የወጣ። በብሬክ ሰዓት ካርቶን ላይ ሞከረች። ሳታስበው እጇ ይሁዳን አመጣባት። ለቻንታና ለእናናዬ አሳየቻቸው።

«ይቺማ እናቴ ናት» አለች ቻንታ፣ «አምሽቼ ስገባ።»

እናናዬ ካርቶኑን ነጥቃ አየችው። «ምን እናትሽ! ሱፐርቫይዘራችን ነው እንጂ።»

ሌላም ሞከረች። አፍንጫውን አለዘበችው፤ ጥርሱን ከደነችው። ፊቱ አሁንም ተንኮለኛ ነው። ምኑ እንደሆነ ልታውቀው አልቻለችም። የካቲት አልፎ መጋቢት ገባ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግሮቭፖርት ሲመለሱ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። የጭነት መኪኖቹ ውኃ ይረጫሉ። ቻንታ ማስኳን ከአገጯ ሥር አውርዳ መሪውን በሁለት እጇ ይዛለች። ዓለምወርቅ ስለ ልጇ ስለ ኖህ አንድ ነገር ልትነግራት ዞር አለችና ወሬውን ረሳችው። ቻንታን ስንት ክረምት ሙሉ ከዚህ ወንበር አይታታለች፤ ያየቻትም ሁልጊዜ በቀኝ ጎኗ ነው፤ የታየቻትም አንድ ዐይኗ ብቻ ነው። ያ ዐይን ተንኮል የለበትም። መንገዱን ነው የሚያየው።

ልዩነቱ ወዲያው ገባት። አባቷ በጎን ፊት ላይ የሚያስገቡት ሙሉ ዐይን ነው፤ ከፊት ለፊት የሚታየውን፣ ሁለት ጫፍ ያለውን። ስለዚህ አካሉ ወደ ጎን እየሄደ ዐይኑ በሥርቆት ወደ ሰው ይመለከታል። የቻንታ ዐይን ግን ግማሽ ነው። የላይኛውና የታችኛው ሽፋን ተከፍቶ እንዳለ የወፍ አፍ ወደ ፊት ይሰፋል፤ ጥቁሩም ክብ ሳይሆን ቀጭን ነው፤ ሽፋሽፍቷ ከአፍንጫዋ አጥንት አልፎ ይታያል። ከሥሩ ወደ ጆሮዋ የምትሄድ ትንሽ መሥመር አለች።

«ምንድን ነው የምታዪው?» አለች ቻንታ።

«አንቺን።»

«መንገዱን እዪ!»

«መንገዱን አንቺ ታዪዋለሽ።»

«ሁለታችሁም እንዲህ ከሆናችሁ» አለች እናናዬ ከኋላ፣ «እኔ ልንዳ እንዴ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዓለምወርቅ የመካከለኛዋን ፊት በግድግዳው ቀለም ሸፈነችው። የመጀመሪያው ቅብ ሲደርቅ ሁለቱ ዐይኖች ከሥሩ ብቅ ብለው አዩዋት፤ ደግማ ቀባቻቸው። ከዚያ ከፎቶው ከንፈሩን፣ ከመኪናው ዐይኑን ወስዳ አሮጊቷን ወደ ቀኝ አስኬደቻት። የጭንቅላቱን ዘንበል ማለትም ከቻንታ ወሰደች፤ ሰው ራቅ ያለ ነገር ሲያይ አገጩን እንደሚያወጣው።

ቻንታ ስትመጣ የቷ ናት ብላ አልጠየቀችም። ከሥዕሉ ፊት ትንሽ ቆመች። ቀጥላም ሳታስበው ይመስላል፣ ወደ ቀኝ ሄዳ እናቷ የምታይበት በኩል ቆመች።

የቀሩት ሁለቱ ሴቶች ነገር ለመነኩሴው ቀረበ። ዓለምወርቅ እነሱንም ወደ ጎን ልመልሳቸው ብላ ጠየቀች። መነኩሴው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብዙ አዩአቸው። ሁለቱ ሴቶች መሶባቸውን ታቅፈው፣ እግራቸው ወደ ቀኝ እየሄደ፣ በትልልቅ ዐይኖቻቸው አፍጥጠው አዩአቸው።

«ተያቸው» አሉ መነኩሴው። «በየትኛውም ሰልፍ ማን እያየን ነው ብለው የሚዞሩ ሁለት አይጠፉም።»

ሚያዝያ ላይ አዲስ ዓመቱ ደረሰ። ከውጭ በኩል ልጆች ውኃ ይራጫሉ፤ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ ገሚሶቹ ማስክ እንዳደረጉ፣ ወደ ግድግዳው እየቀረቡ እጃቸውን ገጥመው ይሰግዳሉ። ማንም ማን ናት አላለም። አንድ በከዘራ የሚሄዱ ሰውዬ ከአሮጊቷ ፊት ቆመው ብዙ ተናገሩ። ዓለምወርቅ ቻንታን በክንዷ ነካቻት።

«ምን ይላሉ?»

«ዛሬም ዞራ አታየኝም፣ ካርታ ላይ ስላሸነፍኳት አኩርፋ ነው ይላል።»

«አሸንፈዋት ያውቃሉ?»

«ኧረ የት አባቱ!»

ሰውየው ዐይናቸውን ጠርገው ወደ ምግቡ ሄዱ።

እናናዬም መጥታ ነበር፤ ከቻንታ መኪና ሌላ የሚያደርሳት የላትምና ምርጫ አልነበራትም። ጫማ አላወልቅም ብላ ደጃፉ ላይ ቆማለች። አንገቷን አስግጋ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ጀልባውን፣ ዛፍ ላይ ያለውን ሰው፣ ሰልፉን። ሁለቱ ሴቶች ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ዓለምዬ!» ብላ ተጣራች። «እነዚህ ሁለቱ እኮ የእኛው ሰዎች ናቸው!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ምን እዚህ አመጣቸው?»

ዓለምወርቅ ሁለቱን ሴቶች ተወት አድርጋ መካከለኛዋን አየች። መካከለኛዋ ሩዟን ታቅፋ መንገዷን ታያለች።